ቮልስ ወይስ ሰይቼንቶ? ከከተማ ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከለገጣፎ የድሮ መኪና ወዳጆች የሚያነሱት ጥያቄ በዛ። አብዛኛው ስለ ሁለቱ መኪናዎች ስለሆነ እዚሁ ልመልስ። ቮልስ የምለው ቮልስዋገን 1300ውን ነው፣ ሰይቼንቶ የምለው ፊያት 600ዲን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በወረቀት ላይ የቱ ይበልጣል?

መልስ፦ ቮልስ 1,285 ሲሲና 40 የፈረስ ጉልበት አለው። ሰይቼንቶ 767 ሲሲና 29። ግን ክብደቱንም እየው። ቮልስ ባዶውን 800 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሰይቼንቶ 600። ጉልበቱን ለክብደቱ ስታካፍለው ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ሜዳ ላይ ቮልስ 120 ይደርሳል፣ ሰይቼንቶ 110። ሰበታ መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ከተሰለፍክ ሁለቱንም እርሳቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሱሉልታን ዳገት ስንወጣ ቮልሱ ለምን ጥሎን ይሄዳል?

መልስ፦ ዳገት ላይ የሚለየው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የቮልስ 87 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ የሰይቼንቶ 55 አካባቢ። ለክብደት ብታካፍለውም ቮልስ ይመራል። ቮልስ በሦስተኛ ማርሽ ሲጎትት ሰይቼንቶ ሁለተኛ ገብቶ ይጮሃል።

ከፍታውም አለ። ከባሕር ወለል በየ100 ሜትሩ ሞተር 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሩቡ እዚሁ ቀረ ማለት ነው። የቮልሱ 40 ወደ 30 ይወርዳል፣ የሰይቼንቶው 29 ወደ 22። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነህ በ22 ፈረስ የእንጦጦን ጋራ መሻገር... እግዜር ይርዳህ።

ጥያቄ፦ የኔ ሰይቼንቶ ዳገት ላይ ይፈላል። ራዲያተር ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ክዳኑን እይ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ በ92 ገደማ ይፈላል። ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ካልያዘ አለቀ። ራዲያተሩ ደግሞ ኋላ ከሞተሩ ጎን ስለሆነ የፊት ነፋስ አያገኘውም፤ ኑሮው በማራገቢያው ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጥብቅ፣ ውስጡን አስጠርግ። መቀየር የመጨረሻው ነው። ደግሞ ሞቆ ሳለ አትክፈተው፣ ፊትህን ይልጥሃል።

ጥያቄ፦ ቮልስ ውሃ ስለሌለው አይሞቅም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይፈላም እንጂ ይሞቃል፣ እህቴ። ስስ አየር እሱንም በደንብ አያበርደውም። ሦስተኛው ሲሊንደር በተለይ ይጎዳል፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይጋርደዋልና። ቫልቩን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስተካክዪ። የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እዪው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ይቆማል። ቀይ መብራት ሲበራ እዚያው ቁሚ። «ቀስ ብዬ ቤት ልድረስ» ማለት ሞተር ያስወርዳል።

ጥያቄ፦ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይሸታል።

መልስ፦ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በሁለቱም መኪናዎች የተለካው ለቆላ አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። የቤንዚን መርጫዋን ጠበብ ባለች አስቀይር።

ጥያቄ፦ ስንገዛ ምን እንይ? ዋጋስ?

መልስ፦ ዋጋውን ከደላላ ጋር ተጨቃጨቁ። እኔ የማየው ዝገት ነው። የቮልስን የኋላ ወንበር አንሱ። ባትሪው ከሥሩ ነው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ከበር ሥር ያለውን ላሜራም ጫን ጫን አድርጉ። ሰይቼንቶው ከ1964 በፊት የተሠራ ከሆነ የበሩ ማጠፊያ ከኋላ ነው። እየሄደ ከተከፈተ ነፋሱ ይገነጥለዋል፣ ስለዚህ መቆለፊያውን ፈትሹ። መለዋወጫ ላይ ቮልስ ይሻላል፤ ሜክሲኮ እስከ 2003 ስትሠራው ነበር።

ጥያቄ፦ አንተ የቱን ትወስዳለህ?

መልስ፦ በየቀኑ ሱሉልታ የምመላለስ ከሆነ ቮልስ፣ ሳላንገራግር። ለገጣፎ ውስጥ ለውስጥ ለሚዞር ግን ሰይቼንቶ። ቮልስ ከ4 ሜትር ያልፋል፣ እሱ 3.3 ሜትር ብቻ ነው። የትም ይዞራል፣ ቤንዚንም አይጠጣም።