ቦምቡን ሠርታ የፈታች አገር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኒውክሌር ቦምብ ሠርቶ በገዛ ፈቃዱ የተወ አገር አለ? ከጓደኛዬ ጋር ቡና ላይ ተከራክረን ተኳረፍን። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አለ እንጂ! ያውም እዚሁ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ 6 ቦምብ ሠርታ ነበር፤ 7ኛው ጅምር ላይ ነበር። ፈታትታቸው በ1991 (እ.ኤ.አ.) የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደውን ስምምነት ተቀላቀለች። ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ግን ምስጢሩን ለፓርላማ የተናገሩት በ1993 ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የሚገርመኝ ማጣራቱ ነው። የፈረሰ ቦምብ ምኑ ይታያል? የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች የዩራኒየም ማበልጸጊያውን (ዩራኒየሙ ለቦምብ እንዲሆን የሚዘጋጅበትን ፋብሪካ) የድሮ መዝገብ ገልጠው፣ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ እያሉ አመሳከሩ። ልክ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ! ካላሃሪ በረሃ የተቆፈሩት 2 የሙከራ ጉድጓዶችም እነሱ ቆመው እያዩ ተደፈኑ።

አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው ውልም ስሙን ያገኘው ፕሪቶሪያ አጠገብ ካለው የምርምር ጣቢያ፣ ከፔሊንዳባ ነው። በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፤ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስፈልጉት 28 አገሮች እስኪያጸድቁት ግን 2009 ደረሰ። ቀጠሮ የሚያበዛው የእኛ ቢሮ ብቻ አይደለም ለካ።

ከቦምቦቹ የወጣው ዩራኒየም አልተጣለም። በኤጀንሲው ቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ ከፊሉ ለሕክምና የሚውል አይሶቶፕ (ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር) ተሠራበት። ለመሆኑ "የለም" ብሎ የተከራከረው ማን ነበር? የቡናውን ሂሳብ እሱ ይክፈል።