ጥያቄና መልስ፦ እሴቶቼን እንዴት ልለይ? ሲጋጩስ የቱን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በመሥሪያ ቤታችን በተሰጠ ሥልጠና ላይ «ዋና ዋና እሴቶቻችሁን ጻፉና በቅደም ተከተል አስቀምጡ» ተባልን። እኔም እግዚአብሔር፣ ቤተሰብ፣ አገልግሎት፣ እውነተኝነት፣ ሥራ ብዬ ጻፍኩ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ግን አፈርኩ። በሳምንት ሦስት ማታ ለመዝሙር ጥናት እሄዳለሁ፤ የታመመች እናቴን ካየኋት ግን ወር አልፎኛል። አለቃዬ ደግሞ የዘገየውን ሪፖርት በጊዜው እንደ ደረሰ አስመስዬ ቀኑን እንድጽፍ ጠይቆኝ እሺ ብዬ ጽፌያለሁ። ለመሆኑ ክርስቲያን የራሱን እሴት መምረጥ ይችላል? ከቻለስ በምን ይለየዋል? ሁለቱ ሲጋጩበትስ የቱን ያስቀድም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወረቀቱን አይተሽ ማፈርሽ መልካም ጅማሬ ነው። ብዙ ሰው ይጽፍና ያስቀምጠዋል፤ አንቺ ግን ከኑሮሽ ጋር አስተያየሽው።

እሴት የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አታገኚውም፤ ነገሩን ግን ታገኚዋለሽ። ጌታችን «መዝገብህ ባለበት ልብህ ደግሞ በዚያ ይሆናልና» (ማቴ. 6፥21) ሲል ሰው አክብሮ የሚጠብቀውን፣ ለእርሱ ሲል ሌላውን የሚተውለትን ነገር መናገሩ ነው። ታዲያ ይህን መምረጥ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በከፊል አዎ፣ በከፊል ደግሞ አይቻልም። ትእዛዛቱ ተሰጥተውናል። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ከደረጃ ዕድገት ጋር በሚዛን ላይ አስቀምጠን የቱ ይበልጥብኛል ልንል አንችልም። ለእኛ የተተወልን ያለንን ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ በመልካም ነገሮች መካከል እንዴት እንደምናከፋፍል መወሰን ነው። ይህም እንደ ሰው ጥሪ ይለያያል፤ መነኩሴ፣ ባለትዳርና ተማሪ አንድ ዓይነት ዝርዝር አይኖራቸውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የሚሻለውን ነገር ፈትናችሁ ትወዱ ዘንድ» (ፊልጵ. 1፥10) ብሎ መጸለዩም መፈተኑ የእኛ ሥራ ስለሆነ ነው።

ወደ ዝርዝርሽ ልምጣ። እግዚአብሔርን 1ኛ፣ ቤተሰብን 2ኛ፣ አገልግሎትን 3ኛ ብለሽ ደርድረሻል። እጅግ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ብዙ ምእመናን የሚሳሳቱት ግን እዚሁ ላይ ነው። እግዚአብሔር ከሌሎቹ ጋር ወረፋ ይዞ ሲጻፍ፣ የመዝሙር ጥናቱ «የእግዚአብሔር ድርሻ» ተብሎ ይቆጠራል፣ እናትሽ ደግሞ «የቤተሰብ ድርሻ» ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ሁልጊዜ እናትሽን ይበልጣታል፣ አንቺም ሳይከብድሽ ትቀሪባታለሽ። ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸው በዚህ ነው፤ ለወላጅ የሚገባውን «ቍርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ብለው ከልክለው የእግዚአብሔርን ቃል ሻሩ (ማር. 7፥11-13)። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ስም ከዝርዝሩ አውጪና ከወረቀቱ ራስ ላይ ጻፊው፤ ከሥሩ መሥመር አስምሪ። ከመሥመሩ በታች ስላለው ስለ እያንዳንዱ «እርሱ ይህን እንዴት እንድወድለት ይፈልጋል?» ብለሽ ጠይቂ። እናትን ማክበር ያዘዘውም እርሱ ነውና።

አሁን እንዴት እንደምትለዪ። ከመጻፍሽ በፊት መስማት አለብሽ። ንጉሥ ሳኦል አማሌቅን ከነከብቱ እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር፤ ከዘመቻው ተመልሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ ብሎ በሙሉ አፉ ተናገረ። ነቢዩ ሳሙኤል ግን ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድር ነው አለው። አፉ የተናገረውን በጎቹ አፈረሱበት። ሲጠየቅ መጀመሪያ በሕዝቡ አላከከ፤ በመጨረሻ «ሕዝቡን ስለ ፈራሁ» ብሎ እውነቱን አወጣ (1ኛ ሳሙ. 15)። ሳኦል ከታዘዘው ይልቅ የያዘው መዝገብ በሰው ፊት መከበር ነበር፤ ከተገሠጸ በኋላ እንኳ በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነ። በእኛም ኑሮ ውስጥ የሚጮኹ በጎች አሉ፤ የመጀመሪያው ሥራ እነርሱን ማዳመጥ ነው።

ለ14 ቀን ትንሽ ደብተር ያዢ። ማታ ከጸሎት በፊት 10 ደቂቃ ይበቃሻል። ዕለቱን በሦስት ክፈዪው፦ ሰዓቴ የት ሄደ፣ ገንዘቤ የት ሄደ፣ ሐሳቤ ሲባዝን የት ዋለ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኚ 56 ይሄዳል፤ ሥራሽ ከመንገዱ ጋር 50 ቢወስድ 62 ይቀርሻል። መዝገብሽ ያለው በእነዚህ 62 ሰዓቶች ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ መሥመር ጨምሪ፦ ዛሬ ያናደደኝና ያሳፈረኝ ምንድን ነው? ቁጣ ብዙ ይናገራል። ሰው መዝገቡ ሲነካበት ይቆጣል። በመዝሙር ጥናት ላይ የምትመሪውን ክፍል ለሌላ ሲሰጡብሽ የተቆጣሽው ቁጣ፣ እናትሽ መድኃኒት ሳትወስድ መዋሏን ስትሰሚ ከተሰማሽ ከበለጠ፣ የምትወጂው ዝማሬውን ይሁን ወይስ ከፊት መቆሙን ደብተሩ ይነግርሻል። በእነዚህ ቀናት ምንም ለማስተካከል አትሞክሪ፤ ደብተሩን ለማሳመር ብለሽ የምትለውጪው ኑሮ እውነተኛውን ይደብቅብሻል። «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ» (መዝ. 138፥23) የሚለውን ጸሎት ጨምሪበት፤ ራስን መመርመር ያለ ጸሎት ሲሆን ወይ ራስን ማመጻደቅ ወይ ራስን መርገም ይሆናል።

14ቱ ቀን ሲያልቅ አንድ ወረቀት ላይ «እስከ ዛሬ ያገለገልኳቸው» ብለሽ ያገኘሽውን ጻፊ። ሁለተኛ ወረቀት ላይ ደግሞ ልትኖሪላቸው የሚገቡትን ሰብስቢ። ከባዶ አትጀምሪ። ቅዱስ ጴጥሮስ በእምነት ላይ የሚጨመሩ ሰባት ነገሮችን ይዘረዝራል (2ኛ ጴጥ. 1፥5-7)፣ ቅዱስ ጳውሎስ ዘጠኝ የመንፈስ ፍሬ ይቆጥራል (ገላ. 5፥22-23)፤ በዚያ ላይ በአንቺ እጅ የተሰጡትን ሰዎችና አደራዎች ጨምሪ። 20 ያህል ይሆናሉ። ከዚያ መሰረዝ ትጀምሪያለሽ።

መሰረዙ ላይ ቸኩለሽ አትለፊ፤ ነገሩ ሁሉ የሚለየው እዚህ ነው። አንዳንዱ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። ገንዘብ፣ ትምህርት፣ ጤና ብለሽ ከጻፍሽ «ለምን?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቂ። ገንዘብ ለምን? ላለመቸገር። ለምን? ቤቴን ለማስተዳደር፣ የተቸገረ ለመርዳት። የመጨረሻውን ጻፊና ገንዘብን ሰርዢ። ሌላው ደግሞ ፍርሃት ሆኖ መልካም ስም የለበሰ ነው። «ሰላም ወዳድነት» ብለን የምንጽፈው ብዙ ጊዜ እምቢ ማለትን መፍራት ነው፤ ለአለቃሽ እሺ ያልሽውም ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፦ ማንም ባያየኝ፣ ማንም ባያመሰግነኝ፣ ማንም ባይቀየመኝ ይህን አደርገዋለሁ? ካልሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ። ተመሳሳዮቹን አዋህጂና 5 ብቻ አስቀሪ። ከ5 ከበለጠ በችግር ሰዓት አታስታውሺውም።

የቀሩትን በስም ብቻ አትተዪ። «ቤተሰብ» የሚል ቃል ማንንም አያስገድድም። «እናቴን በሳምንት አንድ ቀን ሄጄ አያታለሁ፣ መድኃኒቷን ቆጥሬ አስቀምጥላታለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ማታ ላይ አደረግሽው ወይስ አላደረግሽውም ብሎ ይጠይቅሻል።

ለቅደም ተከተሉ ሁለት ሁለቱን አጋጥሚ። 5 ነገር 10 ጥንድ ይሰጣል። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ «የቱ ይበልጣል?» ብለሽ በደፈናው አትጠይቂ፤ በደፈናው ሲጠየቅ ሁሉም ሰው ጻድቅ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ቢጠሩኝ፣ አንዱን ብቻ ማድረግ ብችል፣ የቱን ብተው ማታ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል?» በዪ። ያሸነፈውን ምልክት አድርጊበት፤ ብዙ ምልክት ያገኘው ከላይ ይቀመጣል። በተቆጣሽበት ወይም በደከመሽ ቀን አትሥሪው። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሳታዪ ድገሚው፤ የተገለባበጠ ጥንድ ካለ ገና አልተለየልሽም ማለት ነውና ስለ እርሱ ጸልዪ፣ ምክር ጠይቂ።

ሲጋጩ የቱን ላስቀድም ላልሽው፣ መጀመሪያ ግጭቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዪ። ያነሣሻቸው ሁለቱ ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። የሪፖርቱ ጉዳይ የትእዛዝና የጥቅም እንጂ የሁለት መልካሞች ግጭት አይደለም፤ እዚያ ላይ ቅደም ተከተል አይሠራም። ነቢዩ ዳንኤልን ተመልከቺ። ባቢሎናውያን ስሙን ሲለውጡት አልተጣላም፤ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተማረ። በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ግን በልቡ አሰበ። አሳቡን የያዘው ከፈተናው ፊት ነው፤ እምቢታውንም በስድብ አላደረገውም፣ የ10 ቀን ሙከራ ስጠን ብሎ በትሕትና ለመነ (ዳን. 1፥8-14)። አንቺም ለአለቃሽ «ትክክለኛውን ቀን ጽፌ፣ የዘገየበትን ምክንያት ባያይዝበት አይሻልም?» ልትዪው ትችያለሽ። የተጻፈውን ማስተካከል ከተቻለ አስተካክዪ፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ።

የእናትሽና የመዝሙሩ ነገር ግን የሁለት መልካም ነገሮች ግጭት ነው። እዚህ ላይ የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ። በእኔ ቦታ ሊተካ የሚችል ሰው አለ? በመዝሙሩ ይኖራል፤ ለእናትሽ ግን ሌላ አንቺ የለችም። የትኛው መቆየት አይችልም? ሕመም አይቆይም። እግዚአብሔር በቀጥታ በእጄ የሰጠኝ የቱን ነው? ቅዱስ ጳውሎስ ልጆች አስቀድመው «ለገዛ ቤተ ሰዎቻቸው እግዚአብሔርን መምሰል ያሳዩ ዘንድ ለወላጆቻቸውም ብድራትን ይመልሱላቸው ዘንድ» ይማሩ ይላል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። ወላጅን መርዳትን «እግዚአብሔርን መምሰል» ብሎ መጥራቱን ልብ በዪ። ማርያምና ማርታን ጠቅሶ «አንቺ የተሻለውን መርጠሻል» የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ጌታ በማርታ ላይ የነቀፈው በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው፤ ማገልገሏን አልነቀፈም።

ይህ ማለት ግን መዝሙሩን ተዪ ማለት አይደለም። ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት እያወጡ ምሕረትን ለተዉት ጌታ ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር ነው ያላቸው (ማቴ. 23፥23)። ከሦስቱ ማታ አንዱን ለእናትሽ አድርጊ፤ ሁለቱ ይቆዩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚገለብጥ ሰው ጉልበቱ ቶሎ ያልቅና ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ተስፋ መቁረጡ ከመጀመሪያው ስሕተት ይከፋል። አንድ ለውጥ 40 ቀን ያህል ከጸና በኋላ ሁለተኛውን ጨምሪ። ዝርዝርሽን ባልሽን ወይም ጓደኞችሽን ለመመዘን አታውጪው፤ የአንቺ ጥሪ ሚዛን ለእነርሱ አይሆንም። ኑሮሽ ሲለወጥ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም ወይም ሲያርፍ፣ ሥራ ሲቀየር፣ ተራውን እንደገና እዪው፤ አለበለዚያ በዐቢይ ጾም መግቢያ በዓመት አንዴ ይበቃል።

ወደ ንስሐ አባትሽ ስትሄጂ ሁለቱንም ወረቀት ያዢ። ሰው ያማረውን ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ካህኑ የሚመክሩሽ ግን በመጀመሪያው ነው። የ14 ቀኑን ደብተር ከነገ ማታ ጀምሪ። ያ ሳይጀመር በፊት ግን የሚቀጥለውን የጥናት ማታ እንደማትገኚ ለአስተባባሪው ነግረሽ እናትሽ ዘንድ ሂጂ።