ከአሮጌ መጋዝ የሠራኸው መፋቂያ ዱቄት ብቻ የሚያወጣብህ ወንድሜ

«ከአሮጌ መጋዝ የእንጨት ማለስለሻ መፋቂያ ሠርቼ ዋንዛው ላይ ስስ ልጣጭ ሳይሆን ዱቄት ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ከውጭ ላስመጣ ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። እባክህ አታስመጣ። እኔ አስመጥቼ አይቼዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በፖስታ ላከልኝ። ለመረከብ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ምንድን ነው?» አለች። «መፋቂያ» አልኳት። «የጥርስ?» ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ። የእንጨት ነው ብላት ደግሞ «እንግዲያው ስለት ነው» ብላ ሌላ ቢሮ ላከችኝ። ከስልክ ለማትበልጥ ስስ ብረት የከፈልኩት ቀረጥ ከዋጋዋ በለጠ። ቤት ወስጄ ስሞክራት ያው ዱቄት! ተሸወድኩ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት፣ ዓመት ሙሉ ተኛች። ለካ ተስላ አልመጣችም ኖሯል።

ስለዚህ ያንተም ብረቱ ምንም አልሆነም፣ ጠርዙ ነው።

1. የመጋዙ ጥርስ ጫፍ ጠቆር ያለ ከሆነ ሞረድ አይነካውም። ጥርሱን ቆርጠህ ጣለው፣ በጀርባው በኩል ተጠቀም። ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 15 በ6 ሴንቲ ይበቃሃል። በግራይንደር ከቆረጥክ ብረቱ እንዳይግል ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከረው።

2. ሞርሳ ላይ አስረህ ጠርዙን በሞረድ ቀጥ አድርገው፣ ልክ 90 ዲግሪ። ከዚያ ጠርዙንም ሁለቱን ፊቶችም በመሳያ ድንጋይ አለስልስ። ሁላችንም የምንሰንፈው እዚህ ጋ ነው። የሞረዱ ጭረት ከቀረ እንጨቱ ላይ ታየዋለህ።

3. ማሸቱ፣ ማለትም ጠርዙን በጠንካራ ብረት እያሹ መንጠቆ ማውጣቱ። እኔ በካቻቢቴ ነበር የምሞክረው፣ ካቻቢቴው ራሱ ተጫረ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጺ ይህን ሲያዩ ምንም ሳይሉኝ ወጡና ከጋራዥ የተጣለ የሞተር ቫልቭ ይዘው መጡ። ጠብታ ዘይት አደረጉበት። ብረቷን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ፊቷን አምስት ስድስት ጊዜ አሹት። ከዚያ አቁመው ጠርዟን መጀመሪያ ቫልቩን ቀጥ አድርገው፣ ቀጥሎ ትንሽ አዘንብለው አሹት፤ ማዘንበሉ ቢበዛ 10 ዲግሪ ነው። እኔ ጉልበት የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር የምጫነው፣ እሳቸው ግን ሲያሹ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ጣቴን ይዘው ጠርዙ ላይ አስነኩኝ። ጥፍሬን ያዘኝ። ያቺ የማትታይ መንጠቆ ነች እንጨቱን የምትልጠው።

በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ ጠረጴዛ መልሶብኝ ነበር። ጉጡ አካባቢ መላጊያ ስለሚቦጭቀው በብርጭቆ ወረቀት ጨርሼው፣ ቫርኒሽ ሲነካው ጭረቱ ሁሉ ብቅ አለ። ሙሉውን ፍቄ እንደገና ልሠራው ነው። ሽማግሌው ብረቷን በሁለት እጅ ይዘው በአውራ ጣታቸው ትንሽ ለመጥ አደረጓት፣ ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ገፉ። ከጉጡ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወጣ! ሰጋቱራ የለ፣ አቧራ የለ። የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ብረቷ ስለምትግል አውራ ጣቴ ተላጠ፣ አንተ ፕላስተር ጠቅልልበት። ደንበኛው መጥቶ ጉጡን በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰ። ከዚያ ወንበሮቹንም አዘዘኝ።

4. እንደገና ዱቄት ማውጣት ስትጀምር ወደ ሞረድ አትሩጥ። በቫልቩ ጥቂት ጊዜ እሻት፣ ትመለሳለች።

የአሜሪካዋማ አለች፣ የደረቀ ኮላ እፍቅባታለሁ።