ጣሊያን ዋንጫ በላች ወይስ በላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኳስ የምናይበት ቤት አለ። ግድግዳው ላይ የዓለም ዋንጫና የአፍሪካ ዋንጫ ያሸነፉ አገሮችን ዝርዝር ልጽፍ ስነሳ ክርክር ተፈጠረ። እኔ “ጣሊያን አራት ጊዜ በላች” ስል አጎቴ “ጣሊያን በላ ነው የሚባለው” ይሉኛል። “በሉ” የሚሉም አሉ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ኢትዮጵያ ዋንጫ ያነሳችው በ1954 ነው ወይስ በ1962?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልዩነታችሁ የመጣው “ጣሊያን” ስትሉ በየልባችሁ ከያዛችሁት ነገር ነው።

የአገር ስም በአማርኛ በሴት ጾታ ይነገራል። ኢትዮጵያ፣ ብራዚል፣ ግብጽ ሁሉም “እሷ” ናቸው። ስለዚህ ለዝርዝርህ የሚስማማው ያንተው አነጋገር ነው። “ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1934፣ በ1938፣ በ1982 እና በ2006 አሸነፈች” ብለህ ጻፍ።

የአጎትህን አነጋገር ግን ቸኩለህ ስህተት እንዳትለው። “ጣሊያን” በእኛ አማርኛ የአገር ስም ብቻ አይደለም፤ የሰውም ስም ነው። የብራዚልን ሰው “ብራዚላዊ” እንለዋለን። የጣሊያንን ሰው ግን “አንድ ጣሊያን” ብለን እንጠራዋለን። እንግሊዝና ቱርክም እንዲሁ ናቸው። የደሴ ሰው ደግሞ ቃሉን በወንድ ጾታ የለመደበት ምክንያት አለው። በ1928 ዓ.ም. ከተማችን በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በዚያው ዓመት ተያዘች። ሽማግሌዎቻችን ያንን ዘመን ሲያወሱ “ጣሊያን ገባ”፣ “ጣሊያን ወጣ” ነው የሚሉት። “ጣሊያን ገባች” የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ላይ ጣሊያን ማለት ጦሩ ነው። “ጠላት ገባ” እንደምንለው ሁሉ ብዙውን ሰው በአንድ ስም ጠቅልለን በነጠላ እንናገራለን።

የታሪኩ መገጣጠም ይገርመኛል። ጣሊያን የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዓለም ዋንጫዎች ያነሳችው በአንድ አሰልጣኝ፣ በቪቶሪዮ ፖዞ ነው። አንዱ ከወረራው በፊት ነው፤ ሌላው በወረራው መካከል። እ.ኤ.አ. በ1938 ፓሪስ አጠገብ ሀንጋሪን 4 ለ 2 ስትረታ ደሴ ገና በእጇ ነበረች። “ጣሊያን ደሴን ይዞ ሳለ ጣሊያን ዋንጫ አነሳች” ብንል እንኳ አማርኛው አይጎረብጥም። የፊተኛው ጦሩ ነው፤ የኋለኛዋ አገሪቱ ናት።

ቡድን ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ የራሳችን ከተማ ምስክር ናት። “ደሴ በጭጋግ ተሸፈነች” እንላለን። ክለቡ ሲሆን ግን “ደሴ ከተማ 2 ለ 0 አሸነፈ” ነው። ብዙ ሰው “ብራዚል አሸነፈ” የሚለውም “ቡድኑ” የሚለውን ቃል በልቡ ይዞ ነው። በንግግር ያስኬዳል። “በሉ” የሚሉት ተጫዋቾቹን እያሰቡ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ስሙም ይብዛ፤ “ጣሊያኖች በሉ”፣ “ዋልያዎቹ አሸነፉ” ይባል። “ጣሊያን በሉ” ለጆሮዬ ይሻክረኛል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መደባለቁ ነው። “አርጀንቲና በኳታር ፈረንሳይን በመለያ ምት አሸንፎ ሦስተኛ ዋንጫዋን አነሳች” የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር በስፖርት ዜና ላይ በዝቷል። አንዲቷ አገር በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጾታ ያዘች። ወይ “አሸንፋ ሦስተኛ ዋንጫዋን አነሳች” በል፤ ወይ “የአርጀንቲና ቡድን አሸንፎ ሦስተኛ ዋንጫውን አነሳ” በል። የጀመርከውን እስከ መጨረሻው ይዘህ ሂድ። ተሸናፊዋንም አትርሳ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1998 ብራዚልን 3 ለ 0 “አሸነፈቻት” እንጂ “አሸነፈችው” አይባልም።

“በላ” የጨዋታ አማርኛ ነው። በገበጣም በካርታም የረታ ሰው “በላሁ” ይላል። ነውር የለበትም። ግድግዳ ላይ ግን “አነሳች” ወይም “አሸነፈች” ቢሆን እመርጣለሁ። ኡራጓይ ጋ ስትደርስ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። እ.ኤ.አ. በ1950 ብራዚልን 2 ለ 1 ያሸነፈችበትን ጨዋታ “የዋንጫ ጨዋታ” አትበለው። ያን ጊዜ አራት አገሮች እርስ በርስ ተጫውተው በነጥብ ነበር አሸናፊው የተለየው። ሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዓመቱ። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ግብጽ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ቀኑ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ነበር። አጎትህ 54 ቢሉ አንተም 62 ብትል ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ችግሩ ቁጥሩ ብቻውን ሲቀመጥ ነው። “በ1954 ዋንጫ አነሳች” የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ኢትዮጵያን ያስባል። በፈረንጆቹ ያነበበ ግን በርን ላይ ሀንጋሪን 3 ለ 2 ያሸነፈችውን ምዕራብ ጀርመንን ያስባል። 1962 ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 ብራዚል ቺሊ ላይ የዓለም ዋንጫን አነሳች። በ1962 ዓ.ም. ሰኔ ወር ደግሞ ይህችው ብራዚል ሜክሲኮ ላይ ጣሊያንን 4 ለ 1 ረትታ እንደገና አነሳች። “ብራዚል በ1962” ብቻ ብትል የትኛውን ዋንጫ እንደምትል አይታወቅም። ስለዚህ ከሰሌዳህ አናት ላይ “ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው” ብለህ ጻፍ። ኢትዮጵያ ጋ ስትደርስ 1962 በልና ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የሚለውን በቅንፍ ጨምርበት።