ራሴ ነው የጻፍኩት ማለት አያድንም፦ ከቲቮ ክስ ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አሜሪካ ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ፓተንት ላውራችሁ፤ ፓተንት ማለት አንድን ፈጠራ ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይሠራበት ለመከልከል መንግሥት ለባለቤቱ የሚሰጠው መብት ነው። ቪዲዮ ቀድቶ መልሶ የሚያሳይ አፕ ልንጀምር ነው የሚሉ ልጆች ምክር ይጠይቁኛል። ስለ ሰርቨር ይጠይቃሉ፣ ስለ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ፓተንት ሳነሳባቸው ግን አብዛኞቹ «ኮዱን ከማንም አልገለበጥኩም፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት» ይሉኛል።

ይህ መልስ በኮፒራይት፣ ማለትም የተጻፈ ሥራ እንዳይገለበጥ በሚጠብቀው መብት፣ ክስ ሊያዋጣ ይችላል። በፓተንት ግን አያዋጣም። ሐሳቡን ከማንም ሳትሰሙ ራሳችሁ ብታገኙትም፣ ቀድሞ ፓተንት ያስያዘው ሰው ሊከሳችሁ ይችላል። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቪዲዮ መቅጃ ይሠራ በነበረው በሶኒ ጉዳይ ሰው በቤቱ ፕሮግራም ቀድቶ በኋላ ቢያይ ጥፋት አይደለም ብሎ ነበር። አንዳንዱ ይህን ይዞ «መቅዳት ተፈቅዷል» ይላል። ያ ውሳኔ ግን ስለ ኮፒራይት ነው፤ መቅጃውን የሚሠራውን ሰው ከፓተንት ክስ አያድነውም።

የቴሌቪዥን መቅጃ ሳጥን ይሠራ የነበረውን የቲቮ ኩባንያን ጉዳይ በደንብ እወቁት። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቲቮ የቀጥታ ስርጭትን ለማቆም፣ ወደ ኋላ ለመመለስ፣ አንዱን እየቀዱ ሌላውን ለማየት ለሚያስችለው ዘዴ ፓተንት እንዲሰጠው ሐምሌ 1998 አመለከተ። ፓተንቱ ግንቦት 2001 ተሰጠው። በ2004 መጀመሪያ የሳተላይት ቴሌቪዥኑን የዲሽ ኔትወርክን ባለቤት ኤኮስታርን፣ ፓተንቴን ጥሷል ብሎ ቴክሳስ ውስጥ ከሰሰ። በ2006 ጁሪው ለቲቮ ወደ 74 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደለት። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሃርድዌሩን ክፍል ሻረ፤ የሶፍትዌሩን ግን አጸና። ኤኮስታር ለመሸነፉ ያ ብቻውን በቂ ነበር።

የእኔ ትኩረት ከዚያ በኋላ የሆነው ላይ ነው። ኤኮስታር ሶፍትዌሩን ቀይሬዋለሁ፣ አሁን ፓተንቱን አልነካም አለ። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ግን ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንዱ ፓተንቱን አትጣስ ይላል። ሌላው ደግሞ በደንበኞች ቤት ባሉት ሳጥኖች ላይ የመቅጃ አገልግሎቱን አጥፋ ይላል። በሚያዝያ 2011 የይግባኙ ዳኞች በሙሉ ተሰይመው ጉዳዩን አዩት። በመጀመሪያው ላይ አዲስ መመዘኛ አውጥተው እንደገና ይታይ አሉ። በሁለተኛው ግን ኤኮስታር ትእዛዝ ጥሷል አሉ። ትእዛዙ ከልክ በላይ ሰፍቷል ብሎ ካመነ፣ ያንን መናገር የነበረበት በጊዜው በይግባኙ ላይ ነበር። ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሲያዝ መከራከር አልተፈቀደለትም። ብዙም ሳይቆይ በ500 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ኤቲ ኤንድ ቲና ቬራይዘንም ተከትለው በመቶ ሚሊዮኖች እየከፈሉ ተስማሙ።

ያ ሁሉ ጠበቃ ያለው ድርጅት በዚህ ከተያዘ፣ እኛ «ፓተንቴን ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ምን እንደምናደርግ አስቀድመን ማወቅ አለብን።

ደብዳቤው ከመጣ ዝም አትበሉ፤ በስሜት ተነሳስታችሁም አትመልሱ። ኢሜይልና ኮድ አታጥፉ። ማጥፋት ከፓተንቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። እያወቃችሁ ጥሳችኋል ከተባለ ዳኛው ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ስለዚህ ለባልደረባ «ይሄ እኮ የእነሱ ነው» እያላችሁ በቻት አትጻፉ። ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ፣ በፓተንት ከሚሠራ ጠበቃ ጋር። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን የያዘላችሁ ሰው ምንም ጎበዝ ቢሆን ይህ ሙያው አይደለም።

እስከዚያው ፓተንቱን ራሳችሁ አንብቡት። ርዕሱና ሥዕሉ አያስደንግጣችሁ። መብቱ ያለው መጨረሻ ላይ ክሌም ተብለው በቁጥር በተዘረዘሩት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። በአንድ ክሌም ውስጥ ያሉት ነገሮች በሙሉ እናንተ የሠራችሁት ላይ መኖር አለባቸው፤ አንዷ ከጎደለች ትልቅ መከራከሪያ አገኛችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ቀኑን እዩ። ፓተንት በጥቅሉ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። ያ የቲቮ ፓተንት በ2018 አብቅቷል። የማደሻ ክፍያ ካልተከፈለበትም ቀድሞ ይሞታል። ክስ ከተመሠረተባችሁ ደግሞ ፓተንቱ ራሱ ልክ አይደለም ብላችሁ በፓተንት ቢሮው በኩል ኢንተር ፓርቴስ ሪቪው በሚባለው ዋና መንገድ ለመሟገት ያላችሁ ጊዜ መጥሪያው ከደረሳችሁ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ይቺን አንድ ዓመት «ይደርሳል» እያላችሁ እንዳታቃጥሏት አደራ።

አዲስ ነገር የፈጠራችሁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት አመልክቱ። አሜሪካ ከይፋ በኋላ አንድ ዓመት ትታገሳለች፤ አውሮፓ ግን አትታገስም። ለ12 ወር ቦታ የሚይዝ ጊዜያዊ ማመልከቻ አለ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ፈጣሪዎች የክፍያ ቅናሽም፣ በነጻ የሚሠሩ የፓተንት ጠበቆች ፕሮግራምም አለ። የእኛ ሰው እነዚህን ባለማወቅ ሐሳቡን ይዞ ሲቀር ያንገበግበኛል።

ከዚያ በፊት ግን የቅጥር ውላችሁን አውጡና እዩ። ብዙ ድርጅቶች የምትፈጥሩት ሁሉ የእነሱ እንዲሆን ከወዲሁ ያስፈርማሉ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ በራሳችሁ ጊዜና ዕቃ የሠራችሁት፣ ከድርጅቱ ሥራ ጋርም የማይገናኝ ከሆነ ሕጉ ይጠብቃችኋል። ሌላው ክልል ግን እንደየሁኔታው ነው። ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ ከመቀጠራችሁ በፊት የሠራችሁትን የምትዘረዝሩበት ቦታ አለ። ሳትሞሉት አትፈርሙ።