የፕሬዚዳንቶቹ ዓመት አልገጥም ላለህ የኮምቦልቻው ልጅ

ስለ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንቶች የጻፍከውን፣ ዓመቶቹ ተጋጩብኝ ብለህ አታፍርሰው። አንዱ ጋ "1954"፣ ሌላው ጋ "1961" ያነበብከው ያው አንድ ነገር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) በይፋ የተከፈተው ታኅሣሥ 1954 ነው፤ በፈረንጅ 1961። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስትመልስ እንዲህ አድርግ፦

1. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ከሆነ ከፈረንጁ ላይ 7 ቀንስ።
2. ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ቀንስ።
3. ወሩ ካልተጻፈ አትንካው። ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሆኑበትን 1969 "በፈረንጅ" ብለህ እንዳለ ተወው።

እኔ ደሴ ፒያሳ ባነር ሳሠራ በጅምላ 8 ቀንሼ፣ አንድን ምሁር ሳይመረቁ አስተማሪ አድርጌያቸው አረፍኩ! ያዩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ያውም አዳራሹ ከሞላ በኋላ። በሕይወት ስላለ ሰው ስትጽፍ ሳታሳትም በፊት ለቤተሰቡ አሳይ።