27.8 ላይ የቆመው ቁጥር የፕሮሰሰርሽ ሙቀት አይደለም

ሸዋ ሮቢት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንባቢ ጽፋልኛለች። የላፕቶፗ ፕሮሰሰር ኢንቴል አይ5-6200ዩ ነው፣ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ተጭኖበታል። ደብረ ብርሃን ስትሠራበት ምንም አልነበረበትም። ሥራዋን ወደ ቆላ ካወረደች ወዲህ ግን ቀትር ላይ ረጅም ሰነድ ስካን አድርጋ ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይር ድርግም ይላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ማሳያ ሁልጊዜ 27.8 ነው የሚለው። አንዱ ጠጋኝ ባትሪ ቀየረላት። ሌላው ፔስት (ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው ብረት መሃል የሚገባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀብቶ ገንዘቡን ተቀበለና፣ እንደገና ሲጠፋ «ማዘርቦርዱ አልቆለታል» አላት። ማዘርቦርድ ልግዛ ወይ ነው ጥያቄዋ።

አትግዢ እህቴ።

ገና ቁጥሩን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሸዋ ሮቢት፣ በቀትር፣ ክፍሉ ራሱ ከ30 በላይ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 27.8? ሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ካለበት ክፍል ሊቀዘቅዝ አይችልም። ጠዋትም ማታም የማይነቃነቅ ቁጥር ደግሞ ከሴንሰር አይመጣም። ማሳያሽ የሚያነበው ኤሲፒአይቲዜድ የሚባለውን ነው። ይህ ባዮሱ፣ ማለትም አምራቹ ማዘርቦርዱ ላይ የጫነው ማስነሻ ፕሮግራም፣ የሚያቀብለው ቁጥር ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ አምራቹ አንድ ቁጥር ጽፎበት ይተወዋል። 27.8 እኮ በኬልቪን ድፍን 301 ማለት ነው፤ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። እኔ የምጠረጥረው ፔስቱን ነው። ፕሮሰሰርሽ እየተቃጠለ ነው፣ የሚነግርሽ ግን የለም።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል አስገቢያቸው። መጀመሪያ ኤልኤም-ሴንሰርስ የሚባለውን የሙቀት ማንበቢያ ፕሮግራም ጫኚ። ከዚያ በሱዶ ሴንሰርስ-ዲቴክትን አስነሺ፣ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ኤንተር ብቻ ተጫኚ። የምንፈልገው ድራይቨር (ሴንሰሩን አንብቦ ለሲስተሙ የሚያቀብለው ፕሮግራም) ኮርቴምፕ ነው። ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ ራሱ ይጭነዋል፤ በኤልኤስሞድ አረጋግጪ፣ ከሌለ በሞድፕሮብ ጫኚው። አሁን ሴንሰርስ ብለሽ ስትጽፊ ፓኬጅ አይዲ 0፣ ኮር 0፣ ኮር 1 የሚሉ መስመሮች ይመጣሉ። የፕሮሰሰርሽ ሙቀት ይኸው ነው። ጥግ ላይ ያለውን ማሳያም ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ፓኬጅ አይዲ 0ን እንዲያነብ አድርጊው። (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላላችሁ ድራይቨሩ ኬ10ቴምፕ ነው። ራይዘን 1700ኤክስና 1800ኤክስ ላይ ቲሲቲኤል የሚለው መስመር ከእውነተኛው በ20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ አትደንግጡ።)

እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ነገሩን ስለምወደው። ፕሮሰሰሩ «63 ዲግሪ ሆኛለሁ» ብሎ አያውቅም። እያንዳንዱ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚያውቀው ጣሪያው ላይ ለመድረስ ስንት እንደቀረው ብቻ ነው። ከደብረ ሲና ሽቅብ የሚወጣ ሰው ስንት ተጓዝክ ሲሉት «ለጣርማ በር ዋሻ ይህን ያህል ቀረኝ» ብሎ እንደሚመልሰው ነው። ጣሪያው ቲጄማክስ ይባላል፤ ያንቺ ፕሮሰሰር ላይ 100 ዲግሪ ነው። ሴንሰሩ «37 ቀረኝ» ይላል፣ ኮርቴምፕ ከ100 ላይ 37 ቀንሶ 63 ይልሻል። ከዚያ በ1000 አባዝቶ ሲስተሙ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ 63000 ብሎ ያስቀምጠዋል። ንባቡ በአንድ አንድ ዲግሪ ነው የሚዘልለው፤ 63.0 ላይ ያለችው ነጥብ ዜሮ ጌጥ ናት። ከ2008 ወዲህ በመጡት የኮር አይ ፕሮሰሰሮች ጣሪያው ፕሮሰሰሩ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ድራይቨሩ ከዚያ ያነበዋል። የድሮዎቹ ኮር 2 ላይ ግን ድራይቨሩ 85 ነው ወይስ 100 ብሎ ይገምት ነበር። ግምቱ ከሳተ 15 ዲግሪ ሄደ ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ሴንሰሩ የተሠራው ጣሪያው አጠገብ በትክክል እንዲለካ ነው። ከታች ሲሆን ይዋሻል። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ አንዱ ኮር 38 ሌላው 43 ቢልሽ ምንም አይደለም። 95 ሲልሽ ግን እመኚው።

አሁን ፈትኚው። ዎች በሚለው ትዕዛዝ ሴንሰርስን በየሁለት ሰከንዱ እያሳየ አቆዪና አንድ ትልቅ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪ። ቁጥሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ50 ወደ 95 ከዘለለ ሂት ሲንኩ፣ ማቀዝቀዣው ብረት፣ ፕሮሰሰሩን በደንብ አልነካም። ቀስ እያለ በደቂቃዎች ከወጣ አቧራ ወይም ፋን ነው። ያንቺ የሚዘልል ይመስለኛል። ኮር-ትሮትል-ካውንት የሚለውን ፋይልም እዪ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ሸሽቶ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው።

ደብረ ብርሃን ለምን አልጠፋም? ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲያውም ፋን እዚያ ይደክማል። ብርዱ ግን ጉዱን ሸፍኖልሽ ነበር። ሸዋ ሮቢት መሸፈኛ የለም።

ራም ራስሽ እንደቀየርሽ ነግረሽኛል፤ ስለ ካቻቢቴ አላስተምርሽም። አንድ ነገር ግን፦ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪውንም ንቀዪ። ባትሪው ውስጥ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የምትነኪው የባትሪውን ሶኬት ይሁን፤ ፕላስቲኩን ይዘሽ እንጂ ሽቦውን አትጎትቺ። ያ ጠጋኙ የቀየረልሽ ባትሪ አብጦ ካገኘሽው አትጫኚው፣ አትውጊው፣ ዳግም ቻርጅ አታድርጊው። ያበጠ ባትሪ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ሂት ሲንኩ ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ታትመዋል። ስትፈቺ ከመጨረሻው ወደ 1፣ ስታጠብቂ ከ1 ጀምረሽ፣ በትንሽ በትንሹ እያፈራረቅሽ። የቀደመው ሰውዬ አንዱን ጥርቅም አድርጎ ሌላውን ረስቶት ከሆነ አይገርመኝም። ፔስቱም ስም የለሽ ነጭ ይሆናል፤ በየሱቁ የሚቸበቸበው፣ ወራት ሳይቆይ ደርቆ የሚፈረፈረው። ጠርገሽ አውጪው፣ በጥጥና በፋርማሲ አልኮል አጽጂ። አረቄ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል። ከዚያ ደህና ስም ያለው ፔስት፣ የሚያብረቀርቀው ቺፕ ላይ ብቻ፣ ስስ አድርገሽ። ሲበዛ ይብሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።

አቧራውን ለማስነፋት ደግሞ ጎሚስታ ቤት እንዳትወስጂው። ኮምፕረሰሩ ውሃና ዘይት ይረጫል፣ ፋኑንም አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ፋኑን በጣትሽ ይዘሽ በብሩሽ ጥረጊ። ባትሪውን ነቅለሻል አይደል? አሁንም ካልነቀልሽ እዚህ ላይ አቁሚና ንቀዪ።

ገጥመሽ ያንኑ ሰነድ ቀይሪ። በቀትር ሥራ ላይ ሆኖ ከ85 ካላለፈ ጨርሰሻል። አሁንም ከዘለለ ብሎኖቹን ደግመሽ እዪ። ሙቀቱ 70 ላይ እያለ ድርግም ካለ ግን ጥፋቱ የሙቀት አይደለም። ያኔ የምጠረጥረው ያን ባትሪና ቻርጀሩን ነው። ባትሪውን አውጥተሽ፣ ተመሳሳይ ቮልትና ዋት ያለው ቻርጀር ከጎረቤት ተውሰሽ ሞክሪ።